ክዳኑን ማን ከፈተው?

ባለፈው እሁድ ከምሳ በኋላ ቡና እያፈላሁ ሳለ፣ የአሥራ አንድ ዓመቱ የልጅ ልጄ ስልኩን ይዞ መጣና አጠገቤ ቁጢጥ አለ። የመኪና እሽቅድምድም ነፍሱ ነው። ያሳየኝ የቆየ የፎርሙላ ዋን ውድድር ነበር። መኪናዋ ከዋናው መንገድ ወጥታ ወደ መካኒኮቿ ስትገባ፣ ገና ሳትቆም፣ ከጎኗ አንዲት ትንሽ ክዳን ብድግ ብላ ተከፈተች። ማንም አልነካትም። ወፍራም ቱቦ የተሸከመ ሰው ቀዳዳው ላይ ሰካ፣ ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ነቀለ፤ መኪናዋ ተፈትልካ ስትወጣ ክዳኗም በራሷ ጊዜ ተዘጋች።

«እማማ፣ ክዳኑን ማን ከፈተው?» አለኝ።

እኔ ምን አውቄ! ሠላሳ አራት ዓመት በነርስነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ስለ መኪና ያለኝ እውቀት ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ከማለት አያልፍም። ነዳጅ በሰው ገላ ላይ የሚያደርሰውን ግን በደንብ አውቀዋለሁ፤ ከአገልግሎቴ ዘጠኙን ዓመት ያሳለፍኩት የተቃጠሉ ሰዎች ቁስል በሚታጠብበት ክፍል ነው። ስለዚህ የልጁን ጥያቄ እንደ ዋዛ አላለፍኩትም። ሳምንቱን ሙሉ አነበብኩ፣ ጋራዥ ያለውን ጎረቤቴንም ጠየቅኩ። ለእሱ የነገርኩትን ለእናንተም ለወላጆችና ለአያቶች ላካፍላችሁ ወደድኩ፤ ነገሩ ከእሽቅድምድም ሜዳ ተነስቶ የሚያርፈው እዚሁ ጓዳችን ውስጥ ነውና።

ክዳኗ እንዴት ትሠራለች?

ክዳኗን የሚከፍታት ሾፌሩ ራሱ ነው። ተወዳዳሪ መኪኖች መካኒኮቹ ወደሚጠብቁበት መተላለፊያ ሲገቡ እንደ ልባቸው መብረር አይፈቀድላቸውም። ሾፌሩ መሪው ላይ ያለውን የፍጥነት መገደቢያ ቁልፍ ይጫናል። በብዙ ቡድኖች መኪና ላይ የነዳጁ ክዳን ከዚሁ ቁልፍ ጋር የተያያዘ ነበር። ቁልፉ ሲነካ በዘይት ግፊት የሚንቀሳቀስ ትንሽ ክንድ ክዳኗን ገፍቶ ይከፍታታል፤ መኪናዋ ከመተላለፊያው ስትወጣና ቁልፉ ሲለቀቅ ትዘጋለች። የአንበሳ አውቶቡስ ሾፌር ከመቀመጫው ሳይነሳ በሩን በአየር እንደሚከፍትና እንደሚዘጋ ማለት ነው።

ክዳን ያስፈለገበት ምክንያት ሁለት ነው። በሰዓት ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ለሚጋልብ መኪና፣ ጎኑ ላይ የተከፈተ ቀዳዳ ነፋስ ይይዝበታል፤ ያዘገየዋል። ሁለተኛ፣ ከመንገድ የሚነሳው አሸዋና የጎማ ፍርፋሪ ከሥሯ ወዳለው ነገር እንዳይገባ ትከላከላለች።

ከሥሯ ያለው ነገር ነው እኔን ያስደነቀኝ። ክዳኗ መጋረጃ ናት፤ ዋናው በር ከኋላዋ ያለው ቫልቭ ነው። ይህ ቫልቭ በሞላ ኃይል ሁልጊዜ ተዘግቶ ይኖራል። የቱቦው አፍ ላይም እንዲሁ በሞላ የሚዘጋ ሌላ ቫልቭ አለ። ሁለቱ ለየብቻቸው ሳሉ አንዱም አይከፈትም። ቱቦው ቀዳዳው ላይ በትክክል ሲቀመጥና ጥርቅም ብሎ ሲቆለፍ ብቻ አንዱ ሌላውን ገፍቶ ይከፍተዋል። ሲላቀቁ ሁለቱም በዚያው ቅጽበት ይዘጋሉ። በሥርዓቱ ከሠሩ በመሐል የሚንጠባጠብ ነገር የለም። ነርስ ነኝና የልብ ቫልቭን አስታወሰኝ፤ እሱም ማንም ሳያዝዘው በሰዓቱ ይከፈታል፣ በሰዓቱ ይዘጋል፤ አንድ ቀን በትክክል ካልዘጋ ግን ሰውየው ሆስፒታል ነው።

በቱቦው ውስጥ በአንድ በኩል ነዳጅ ሲገባ በሌላ በኩል ከታንኩ የሚወጣው አየርና የነዳጅ ትነት ይመለሳል። ትነቱ ወደ ውጭ ቢለቀቅ አደገኛ ነው። ብዙ ሰው ቤንዚን የሚነድ የሚመስለው ፈሳሹ ነው፤ እሳት የሚይዘው ግን ከላዩ የሚነሳው፣ ዓይን የማያየው ትነት ነው። ቱቦው በሰከንድ 12 ሊትር ያህል ያፈስ ነበር። እኛ የምናውቀው ሃያ ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሁለት ሰከንድ ሳይሞላው ጢም ይላል ማለት ነው።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ነዳጅ ከመቀዳቱ በፊት መኪናውም መቅጃውም ከመሬት ጋር በሽቦ ይገናኛሉ፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኞቻችን «ኧርዝ» የሚሉት ነው። ማታ በጨለማ የናይለን ሹራብ ስናወልቅ ጠሽ ጠሽ የምትል ብልጭታ አለች አይደል? ለነዳጅ ትነት እሷም ትበቃዋለች። ከዚያም የእሳት ማጥፊያ የያዘ ሰው፣ ሥራው መቆምና መጠበቅ ብቻ የሆነ፣ አጠገባቸው መኖር አለበት።

በቁስል የተገኘ ትምህርት

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ በአንድ ቀን የተፈጠረ አይደለም። እያንዳንዱ ቫልቭ ከጀርባው የተቃጠለ ሰው አለ።

እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ በኢንዲያናፖሊስ 500 ውድድር ላይ፣ ገና በሁለተኛው ዙር፣ ቤንዚን የጫኑ መኪናዎች ተጋጭተው ኤዲ ሳክስና ዴቭ ማክዶናልድ የተባሉ ሁለት ሾፌሮች ሞቱ። ከዚያ በኋላ በዚያ ውድድር በቤንዚን ፋንታ የአልኮል ነዳጅ የግድ ሆነ። ታንኩም እንደ ድሮው ቆርቆሮ መሆኑ ቀርቶ፣ ሲመታ የማይሰነጠቅ፣ የሚተጣጠፍ የጎማ ከረጢት እየሆነ መጣ። ዛሬ ከረጢቱ የሚጠናከረው ጥይት መከላከያ ልብስ በሚሠራበት ዓይነት ክር ነው።

ወላጅ ሆኜ ከሁሉ በላይ ልቤን የነካኝ ግን እ.ኤ.አ. በ1981 እዚያው ኢንዲያናፖሊስ የደረሰው ነው። ሪክ ሚርስ የተባለው ሾፌር ነዳጅ ሊቀዳ ቆመ። ቱቦው ከመኪናው ጋር ገና በትክክል ሳይገጥም ነዳጁ መርጨት ጀመረ። በመኪናውም፣ በሾፌሩም፣ በመካኒኮቹም ላይ ፈሰሰና ተቀጣጠለ። የዚያ አልኮል ነበልባል በፀሐይ ብርሃን አይታይም። ሰዎቹ ሲዘሉና ሲንፈራገጡ ይታያል እንጂ እሳቱ አይታይም! ሚርስ መተንፈስ አቅቶት ከመኪናው ወጥቶ የእሳት ማጥፊያ ወደያዘ ሰው ሮጠ፤ ሰውየው ደንግጦ ማጥፊያውን ጥሎ ሸሸ። በመጨረሻ ማጥፊያውን አንስቶ ልጁን ያዳነው ማን መሰላችሁ? አባቱ ቢል ሚርስ።

ሪክ ፊቱ ተቃጥሎ ነበር፤ አፍንጫው በቀዶ ጥገና ተስተካከለለት። ወደ ውድድር ተመልሶ ያንኑ ኢንዲያናፖሊስ በ1984፣ በ1988ና በ1991 አሸነፈ፤ ከአደጋው በፊት በ1979 ካገኘው ጋር አራት መሆኑ ነው። ከእሱ ቃጠሎ በኋላ የቱቦው አፍ እንደ አዲስ ተሠራ፤ ከመኪናው ጋር ሳይገጥም የማይከፈት ቫልቭ ተጨመረበት። ከላይ የነገርኳችሁ «ሳይገጥም አይከፈትም» የሚለው ሕግ በዚህ ሰው ፊት ላይ የተጻፈ ነው ማለት ይቻላል።

ቫልቭም ቢሆን ሁልጊዜ አይታመንም። የልጅ ልጄ የሚያመልከው ማክስ ፈርስታፐን ከመወለዱ ሦስት ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1994፣ አባቱ ዮስ በጀርመን ሆከንሃይም ነዳጅ ሲቀዳ ቱቦው ተረጭቶ መኪናው በእሳት ጎርፍ ተዋጠ። ማጥፊያ የያዙት በሰከንዶች ውስጥ አጠፉትና ዮስም መካኒኮቹም በቀላል ቃጠሎ ተረፉ። ምርመራው ቫልቩ ባዕድ ነገር ገብቶበት በቶሎ አለመዘጋቱን አመለከተ። ይህን ስነግረው ልጁ አፉን ይዞ ቀረ። «ማክስ ሳይወለድ ሊቀር ነበር?» አለኝ። ሊቀር ይችል ነበር።

ችኮላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 በሲንጋፖር፣ ፌሊፔ ማሳ ቱቦው ሳይነቀልለት «ሂድ» የሚለው አረንጓዴ መብራት በራለትና ቱቦውን እየጎተተ ነጎደ። በዚያ ዓመት ሻምፒዮንነቱን ያጣው በአንድ ነጥብ ነው። በ2009 በብራዚል ኮቫላይነን እንዲሁ ቱቦ ጎትቶ ሲወጣ፣ የፈሰሰው ነዳጅ ከኋላው በነበረው በራይኮነን መኪና ላይ ቦግ ብሎ ጠፋ። ከ2010 ጀምሮ ፎርሙላ ዋን ለወጪ ቅነሳም ለደህንነትም ብሎ በውድድር መሐል ነዳጅ መቅዳትን ከለከለ። የልጅ ልጄ ያችን ክዳን በቆየ ቪዲዮ ብቻ ያያት ለዚህ ነው። በአሜሪካው ኢንዲካርና እንደ ለ ማን ባሉት የረጅም ሰዓት ውድድሮች ግን እስከ ዛሬ ይቀዳል።

መቅዳቱ ቢቀርም የክዳን ነገር አልቀረም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 በባህሬን የሮማን ግሮዣን መኪና የብረት አጥር ሰንጥቃ ስትገባ ለሁለት ተከፈለችና ነደደች። ሾፌሩ ግማሽ ደቂቃ ገደማ እሳት ውስጥ ቆይቶ እጆቹ ተቃጥለው በሕይወት ወጣ። በኋላ የወጣው የምርመራ ውጤት ነዳጁ ካመለጠባቸው ዋና ዋና መንገዶች አንዱ ከቦታው የተነቀለ የታንክ መፈተሻ ክዳን እንደነበር ተናገረ።

ጓዳችን ውስጥ ያለው መቅጃ

ይህን ሁሉ ሳነብ ከፊቴ የሚመጣብኝ የቁስል ማጠቢያው ክፍል ነበር። እዚያ የመጣ የእሽቅድምድም ሾፌር አላየሁም። ያየሁት እናቶችንና ልጆችን ነው።

አንዲት እናት አልረሳም። ቡታጋዙ ሲደክምባት ሳታጠፋው ላምባ ጨመረችበት። እሳቱ ወደ ጀሪካኑ ዘለለ፤ አጠገቧ የነበረችው የሰባት ዓመት ልጇም ተያዘች። እናትየዋ ሁለት እጆቿ በፋሻ ተጠቅልለው ልጇን በትከሻዋ ደግፋ ትቀመጥ ነበር። ደጋግማ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ወጡ ሊደርስ ነበር እኮ።» ልጅቱ ተርፋለች። ክንዷን እንደ ልቧ ለመዘርጋት ግን ብዙ ቀዶ ጥገና አስፈልጓታል።

ሌላውን ብቻ እንዳልወቅስ የራሴን ልናገር። በ1983 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ መብራት ደጋግሞ ይጠፋ ነበር። ለኩራዝ የሚሆን ላምባ በአምቦ ውሃ ጠርሙስ ቀድቼ፣ አፉን በጨርቅ ወትፌ፣ ጓዳ ወለል ላይ አስቀመጥኩ። ነርስ ነኝ፤ አውቃለሁ። «ለዛሬ ብቻ» አልኩ። ሁለት ዓመት የሞላው ልጄ ውሃ መስሎት ጎነጨው። ሳሉን ሰምቼ ስደርስ አፉ ላምባ ላምባ ይሸታል። ጎረቤቶቼ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ አንዷ ወተት ይዛ መጣች፣ ሌላዋ ጣት ከትተን እናስመልሰው አለች። ሁለቱንም ከልክዬ ተሸክሜው ሮጥኩ። ላምባው ሳንባው ደርሶ ስለነበር የሳንባ ምች ይዞት አምስት ቀን ተኛ። እንዳይታወክ የከለከለችው ነርስ አዳነችው፤ ጠርሙሱን እዚያ ያኖረችውም ያቺው ነርስ ናት።

ያ ልጅ የዚህ የልጅ ልጄ አባት ነው።

እሽቅድምድሙ ያስተማረኝ ነገር ይህ ነው፦ እዚያ ያሉት ሰዎች የሰው እጅ እንደሚቸኩል አምነው ተቀበሉ። ስለዚህ ጥንቃቄውን ከእጅ ወስደው ለክዳኑ ሰጡት። እኛ ግን ጓዳችን ውስጥ ያን የመሰለ ክዳን የለንም። ቫልቩ እኛው ነን። ስለዚህ እጃችን እንዳይቸኩል አስቀድመን ሕግ ማውጣት አለብን። በቤቴ ያወጣኋቸውን ልንገራችሁ።

ነዳጅ በውሃ፣ በለስላሳ ወይም በዘይት ጠርሙስ አይቀመጥም፤ «ለዛሬ ብቻ» የሚባል ነገር የለም። የራሱ የሆነ፣ በጥምዝ ክዳን የሚዘጋ መያዣ ይኑረው፤ ከምድጃና ከመኝታ ርቆ፣ ልጅ በማይደርስበት ይቆለፍበት። ቤንዚን እቤት ውስጥ ጭራሽ አይደር።

ቡታጋዝም፣ ኩራዝም፣ ጀነሬተርም እየሠራ አይሞላም። ይጠፋል፣ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ይሞላል። ወጡ ይቆይ። ምሽት ላይ ከሆነ በሻማ ብርሃን አትሙሉ፤ የእጅ ባትሪ ተጠቀሙ። ልጅን «ጋዝ ጨምሪበት» ብሎ መላክ ይቅር።

በጀሪካን መቅዳት የግድ ከሆነ ጀሪካኑ መሬት ላይ ተቀምጦ ይቀዳ እንጂ መኪና ውስጥ እንዳለ አይሁን፤ ያች የሹራብ ብልጭታ እዚህም አለች። እስከ አፉም አይሞላ፤ ነዳጅ ሲሞቅ ይሰፋል።

መኪና ያላችሁ ደግሞ ማደያ ውስጥ የመቅጃው እጀታ በራሱ ቀጥ ሲል «ትንሽ ጨምርበት» አትበሉ። እጀታው ጫፉ ላይ አየር የሚስብባት ትንሽ ቀዳዳ አለችው፤ ነዳጁ ከፍ ብሎ ቀዳዳዋን ሲደፍናት መሳቡ ይቋረጥና ምላሱ ይዘጋል። በቃ ካለ በቃ ነው። የእሽቅድምድሙ ክዳን ታናሽ ወንድም ነው፤ ስሙት።

አደጋው ከደረሰ

ልብሱ የተያያዘ ልጅ ይሮጣል፤ ሩጫው እሳቱን ያራግበዋል። ያዙት፣ መሬት ላይ አስተኙት፣ አንከባልሉት ወይም በወፍራም የጥጥ ወይም የሱፍ ብርድ ልብስ ጠቅልሉት። ናይለን ነክ ነገር አይሁን፤ ቀልጦ ገላ ላይ ይጣበቃል። የሚነድ ቤንዚን ወይም ላምባ ላይ ውሃ አትድፉ፤ እሳቱን ተሸክሞ ይሄዳል። አፈር ወይም አሸዋ ይሻላል።

የተቃጠለውን ገላ ወዲያውኑ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ አቀዝቅዙ። በሰዓት ቁጠሩት፤ ሃያ ደቂቃ ሲጨነቁ ረጅም ነው። በረዶ አይሁን። ነዳጅ የነካው ልብስ፣ ቀለበትና አምባር ይውለቅ፤ ገላ ላይ የተጣበቀ ጨርቅ ግን አይጎተት። ቅቤ፣ እንቁላል፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቡና፣ ሊጥ አትቀቡ። እኔ በነበርኩበት ክፍል ከቃጠሎው ይልቅ እነዚህን ከቁስል ላይ ማጠቡ ነበር ልጆቹን የሚያስጮኻቸው። ሌላውን ገላ አሙቁ፣ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱ። ፊት፣ እጅ፣ መገጣጠሚያ ወይም ብልት ከሆነ፣ ወይም ከልጁ መዳፍ የሰፋ ከሆነ፣ አትዘግዩ።

ነዳጅ የጠጣ ልጅ አይታወክ። ሲመለስ ነው ወደ ሳንባ የሚገባው። ወተትም፣ ዘይትም አትስጡት። የተነከረ ልብሱን አውልቃችሁ፣ ገላውን አጥባችሁ፣ መያዣውን ይዛችሁ ሂዱ። ደህና ቢመስልም ሂዱ፤ ሳሉና ቶሎ ቶሎ መተንፈሱ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል።

መልሱን ስሰጠው

ትናንት ማታ ለልጅ ልጄ ይህን ሁሉ ነገርኩት፤ የአምቦውን ጠርሙስ ታሪክም አባቱ እየሰማ ነገርኩት። ልጄ «እኔ እንኳ አላስታውሰውም» ብሎ ሳቀ። ትንሹ ግን አልሳቀም። ጥቂት ዝም ብሎ «ጠርሙሱ ክዳን ነበረው?» ሲል ጠየቀኝ።

«ጨርቅ ነው የወተፍኩበት» አልኩት።

ተነስቶ ወጣ። ከግቢው ጥግ የጀነሬተሩ ቤንዚን የሚቀመጥበትን ትንሽ ቤት ሲከፍት ሰማሁት። ተመልሶ መጣና በሩ ላይ ቆመ።

«እማማ፣ የኛም ጀሪካን ክዳኑ ጠፍቶ ፌስታል ነው የተወተፈበት።»

ልጄና እኔ ተያየን። ይህን ሁሉ ሳምንት ስለ ክዳን ሳነብ አንድ ቀን እንኳ ሄጄ አላየሁትም ነበር። ዛሬ ጠዋት ጋራዥ ያለው ጎረቤታችን ዘንድ ሄደን ልኩ የሆነ ክዳን አገኘን፤ የጠመዘዘውም ልጁ ነው።

እናንተም ይህን ጋዜጣ ከማጠፋችሁ በፊት ጓዳችሁን አንዴ እዩ። ቸር እንሰንብት።